ነፋሱ የፊተኛው ረድፍ ብቻ አይደለም

ረጃጅም ሕንፃዎች የባሕር ዳርቻ ከተሞችን ሙቀት አያባብሱም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። አንድ ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያም ደገምኩት። የጸሐፊው ብዕር ስል ነው፤ ክርክራቸውም ሥርዓት አለው። ብዙ ሰው የተቀባበለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም በዋናው ድምዳሜያቸው ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ፤ ስሕተቱም ዝም ተብሎ የሚታለፍ ዓይነት አይደለም። ስለ ሕንፃ የሚሰነዘር የተሳሳተ ሐሳብ ወረቀት ላይ አይቀርም፤ ኮንክሪት ሆኖ ይቆማል። አንዴ ከቆመ ደግሞ ከኋላው የሚኖሩት ሰዎች ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ እስኪያዩ ድረስ የሚያነቃንቀው የለም።

መጀመሪያ ያሉትን በታማኝነት ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የባሕር ነፋስ እስከ 1 ኪሎ ሜትር የሚወፍር ግዙፍ የአየር ጅረት ስለሆነ 100 ወይም 200 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ሊያግደው አይችልም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ረጅም ሕንፃ ነፋስን እንዲያውም ያፈጥናል፤ በሕንፃ ማዕዘን ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሦስተኛ፣ ከተማ በጋለ ቁጥር ከባሕር የሚስበው ነፋስ ስለሚበረታ ነገሩ ራሱን በራሱ ያርማል። አራተኛ፣ በከተማና በገጠር መካከል የሚለካው የሙቀት ልዩነት በአማካይ ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ አይበልጥም፤ እሱንም የሕንፃዎቹ ጥላ ያካክሰዋል። አምስተኛ፣ ለነፋስ ሲባል ግንባታን መገደብ ከተማን ወደ ጎን ስለሚለጥጥ ጉዳቱ ያመዝናል፤ የተረፈውን ሙቀት የአየር ማቀዝቀዣ ይጨርሰዋል።

የባሕር ነፋስ ከየት እንደሚመጣ በጥቂቱ ማስታወስ ለሚቀጥለው ሁሉ ይጠቅማል። ፀሐይ የብሱንና ባሕሩን በአንድ ላይ ብታገኛቸውም በእኩል አታግላቸውም። አንድ ኪሎ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ሙቀት አንድ ኪሎ ደረቅ አፈር ወይም ድንጋይ ከሚፈጀው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ብርሃኑ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ማዕበሉ የላዩን ከታቹ ያማስላል፣ ትነቱም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የብሱ ግን የተቀበለውን ሁሉ ላዩ ላይ ይዞት ይቀራል። ረፋዱ ላይ በየብሱ ላይ ያለው አየር ግሎ ወደ ላይ ሲነሣ፣ ቀዝቀዝ ያለው የባሕር አየር ቦታውን ሊተካ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ሲመሽ ይደክማል፤ ሌሊት አቅጣጫው ተገልብጦ ከየብስ ወደ ባሕር ለስለስ ያለ ነፋስ ይነፍሳል። በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው የሥራ ሰዓቱንም ሆነ የመኝታ ቤቱን መስኮት የሚያመቻቸው በዚህ የዕለት ምልልስ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥብ። ስለ ነፋሱ ውፍረት ጸሐፊው ያሉት እውነት ነው። የባሕር ነፋስ ከጥቂት መቶ ሜትሮች እስከ 1 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወፍራል፤ ሕንፃ አያስቆመውም። ነገር ግን ጥያቄው ነፋሱ ከተማዋን ተሻግሮ ማለፍ አለማለፉ አልነበረም። ልጇን አዝላ አውቶቡስ የምትጠብቅ እናት፣ አስፋልት የሚጠግን ሠራተኛ፣ መስኮቱን ከፍቶ የሚተኛ ሽማግሌ የሚኖሩት በዚያ የአየር ጅረት የታችኛው ጫፍ ላይ ነው። ደመና ከላይ ማለፉ ለገበሬ ዝናብ አይሆነውም።

የከተማን የአየር ጠባይ ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑት ቲሞቲ ኦክ ይህን በግልጽ አስረድተውታል። ሕንፃዎች ተራርቀው ሲቆሙ ነፋስ እያንዳንዱን ዞሮ መሬት ይደርሳል። ሲቀራረቡ አንዱ ሕንፃ የሚፈጥረው ሁከት ከሌላው ጋር ይደባለቃል። ይበልጥ ሲጠጉ ግን ነፋሱ ከጣራ ወደ ጣራ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ከሥር ባለው መንገድ የሚቀረው በራሱ ላይ የሚሽከረከር ደካማ አየር ብቻ ነው። ይህ መንሸራተት የሚጀምረው የሕንፃዎቹ ቁመት የመንገዱን ስፋት 0.7 ያህል ሲደርስ ነው። ቁጥሩን መንገድ ላይ እናውርደው፦ 20 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ግራና ቀኝ 14 ሜትር፣ ማለትም አራት ፎቅ ገደማ የሚሆን ሕንፃ ከተሰለፈ፣ መንገዱን አቋርጦ የሚመጣ ነፋስ ከጣራ በላይ ማለፍ ይጀምራል። ሕንፃዎቹ 60 ሜትር ሲሆኑ ከታች ምን እንደሚቀር መገመት አያዳግትም።

«አቋርጦ» ያልኩትን ቃል ልብ በሉልኝ። ነፋሱ በመንገዱ ርዝመት ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያው መንገድና ያው ሕንፃ ነፋስ የሚያስገባ ቦይ ይሆናሉ። ስለዚህ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ እንደ አጥር የተዘረጋ ሕንፃና ጠባብ ጎኑን ወደ ባሕሩ አዙሮ የቆመ ሕንፃ፣ ቁመታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ለከተማው የሚያደርጉት አንድ አይደለም። ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተናገሩት ስለ ቁመት ነው። ነፋሱን የሚነፍገው ግን ከቁመት ይልቅ አሰላለፍ ነው።

በሆንግ ኮንግ ከከተማው ርቃ ባሕር ላይ ባለችው ዋግላን ደሴትና ካውሉን በተባለው የከተማዋ ክፍል መሐል በሚገኘው ኪንግስ ፓርክ የነፋስ ፍጥነት ለአሥርተ ዓመታት ሲለካ ኖሯል። የኪንግስ ፓርኩ አማካይ ፍጥነት ዙሪያው በሕንፃ እየተከበበ በሄደ ቁጥር ሲወርድ፣ የዋግላኑ እንዲያ አልወረደም። ነፋሱ ባሕሩ ላይ አለ፤ የጠፋው ከተማው ውስጥ ነው። የከተማዋ ነዋሪዎችም ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚቆሙትን ሕንፃዎች ቤት ውስጥ ከሚዘረጋ መከለያ ጋር በሚያመሳስል ስም መጥራት የጀመሩት የደረሰባቸውን አይተው ነው።

ማንም ቤቱ ሊሞክረው የሚችል ነገር ልጨምር፤ እኔም ይህን ምላሽ ከመጻፌ በፊት ሞክሬዋለሁ። ዐሥር ወፋፍራም መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ጎን ለጎን አጣበቅኋቸው። ከፊታቸው ማራገቢያ አስቀመጥኩ። ከኋላቸው ሁለት ስንዝር ያህል ርቄ ከመጻሕፍቱ ቁመት ዝቅ አድርጌ ክር ወጠርኩና በቀጭኑ የተቀደዱ ወረቀቶች አንጠለጠልኩበት። ማራገቢያው ሲከፈት ከመጻሕፍቱ አናት በላይ አየሩ ሽው ይላል፤ መዳፌን ወደ ላይ ስዘረጋ ይሰማኛል። ወረቀቶቹ ግን እንደ ተንጠለጠሉ ቀሩ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ወደ ማራገቢያው አቅጣጫ፣ ወደ መጻሕፍቱ ጀርባ ታጠፉ፤ ከግንቡ ኋላ ያለው አየር በራሱ ላይ ስለሚዞር ነው። ከዚያ አራተኛውንና ሰባተኛውን መጽሐፍ ካሉበት አነሣሁና በሌሎቹ አናት ላይ አጋደምኳቸው። ከክፍተቶቹ ትይዩ የነበሩት ወረቀቶች ወዲያው ተነሥተው መርገብገብ ጀመሩ። ማራገቢያ ባሕር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለትክክለኛው ልኬት የነፋስ መሞከሪያ ዋሻና የኮምፒውተር ስሌት አለ። ሆኖም አንድ ነገር ከዓይኔ አልጠፋም፦ መጻሕፍቱ ያው ዐሥር ነበሩ።

ሁለተኛው ነጥብ አሳሳች የሆነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ረጅም ሕንፃ ሥር ነፋስ ይበረታል፤ ይህ አያከራክርም። ነፋስ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይፈጥናል፤ ያ ፈጣን አየር ሰፊ የሕንፃ ፊት ሲመታ ከፊሉ በግድግዳው ተንሸራትቶ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ከዚያም በማዕዘኖቹ ይወረወራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ በአንድ ረጅም ሕንፃ ሥር የተነሣ ነፋስ የጭነት መኪና ገልብጦ አንድ እግረኛ ገድሏል። ይህ ታዲያ የከተማው አየር ጥሩ መሆኑን ያሳያል? ጸሐፊው በማዕዘኑ ላይ ቆመው የለኩትን ነፋስ ለሰፈሩ ሁሉ አከፋፈሉት። አየር ከምንም አይፈጠርም። በማዕዘኑ ላይ የተጠራቀመው ኃይል ሌላ ቦታ ሊደርስ የነበረ ነው፤ ከሕንፃው ኋላ የሕንፃውን ቁመት ብዙ እጥፍ የሚርቅ የረጋ አየር ያለበት ክልል ይቀራል። ሕንፃው በሰፋ ቁጥር ያ ክልል ይረዝማል፤ በቀጠነ ቁጥር ያጥራል። በማዕዘኑ ከባርኔጣው ጋር የሚታገለው ሰውና ከኋላው በወበቅ የሚታፈነው ሰው የአንድ ሕንፃ ጎረቤቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ደግሞም የማዕዘን ነፋስ እንዲኖር ማዕዘን ሊኖር ይገባል። ዐሥር ሕንፃ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ሲቆም በመካከሉ ማዕዘን የሚባል ነገር የለውም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ስለዚህ ቆም ብዬ ልመልሰው። የጋለ ከተማ ከባሕሩ ጋር ያለው የሙቀት ልዩነት ስለሚሰፋ ነፋሱን ይበልጥ ይስባል የሚለው በመሠረቱ ትክክል ነው። በተለይ ወደ ባሕሩ ቅርብ በሆነው ጫፍ ይህ በእውነት ይታያል። ሳይንሱ ግን እዚያ ላይ አያቆምም።

ከተማ ነፋሱን በሁለት እጅ ይይዘዋል። በአንዱ በሙቀቱ ይስበዋል፤ በሌላው ሸካራ በሆነው ገጹ ይጎትተዋል። የትኛው እንደሚያሸንፍ እንደ ነፋሱ ኃይል ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሮበርት ቦርንስታይንና ባልደረቦቻቸው በኒውዮርክ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ የአካባቢው ነፋስ በሰከንድ ከ4 ሜትር ገደማ ሲያንስ ከተማዋ ሌሊት እንደምታፈጥነው፣ ከዚያ ሲበልጥ ግን እንደምታዘገየው ታይቷል። ከባሕር የሚገባው የነፋስ ግንባርም ኒውዮርክ ላይ ሲደርስ እርምጃው እንደሚዘገይ እነዚሁ ጥናቶች አሳይተዋል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን እጅ አይተው ሁለተኛውን አላዩም።

ቶኪዮን እንመልከት። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያጠኑት ነገር ለዚህ ክርክር እንደ ተፈለገ የመጣ ነው። ከቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ነፋስ በከተማዋ ሙቀት ተስቦ ይገባል፤ ነገር ግን በጋለው ከተማ ላይ ወደ ላይ የሚነሣው አየር ግንባሩን ይይዘዋል። ነፋሱ በከተማው የውስጥ ጠርዝ ላይ ለሰዓታት ተገትሮ ይቆያል። ከዚያ ወዲያ ወደ መሐል አገር ያሉት ከተሞች ከሰዓት በኋላ ይደርሳቸው የነበረውን ንጹሕ አየር አምሽተው ያገኙታል። ሲደርሳቸውም የከተማዋን ሙቀትና ጭስ ተሸክሞ ነው። ከቶኪዮ በስተ ሰሜን ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ኩማጋያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 2018 41.1 ዲግሪ መዝግባለች፤ በወቅቱ የአገሪቱ ክብረ ወሰን ነበር። ለዚህ ቁጥር ከተራራ ወርዶ የሚግል ነፋስም የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ከባሕሩ ነፋስ ማዶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ኩማጋያ ታሳያለች።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር መስጠት ተገቢ ነው። በቶኪዮ ሺዮዶሜ በተባለው የቀድሞ የዕቃ ባቡር ጣቢያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሰለፉት ሕንፃዎች የከተማዋን ሙቀት ሁሉ እንዳመጡ ተደርጎ ብዙ ተወርቷል። ይህ ማጋነን ነው። የቶኪዮ አማካይ ሙቀት በ20ኛው ክፍለ ዘመን በ3 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር ሺዮዶሜ ገና አልተገነባም ነበር። አስፋልቱ፣ የተደፈኑት ቦዮች፣ የሞተሩ ሙቀት፣ የዓለም መሞቅ ሁሉም እጃቸው አለበት። አንድ ረድፍ ሕንፃ የሚጎዳው ከኋላው ያሉትን ሰፈሮች እንጂ ከተማን በሙሉ አይደለም። ለእነዚያ ሰፈሮች ግን ይህ መጽናኛ አይሆንም።

ራሱን ያርማል ለሚለው አንድ የአመክንዮ ጥያቄም አለኝ። ነፋሱን የሚያመጣው ሙቀቱ ከሆነ፣ ነፋሱ ሙቀቱን ሲቀንስ ራሱም ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ዑደት ሙቀቱን ሊያለዝበው ይችል ይሆናል፤ ሊያጠፋው ግን አይችልም፤ ሲያጠፋው የሚያንቀሳቅሰው ነገር አይኖርምና። በሽታው በበረታ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ይዞ ታማሚውን ድኗል ማለት አይቻልም።

አራተኛው ነጥብ ስለ 1 እና ስለ 2 ዲግሪ ነው። የሚገርመው ይህ ቁጥር አዲስ አይደለም። ለደመናዎች ዛሬም የምንጠቀምባቸውን ስሞች ያወጣው ሉክ ሃዋርድ ከ200 ዓመት በፊት የለንደንን አየር ለክቶ፣ የከተማዋ ሌሊት ከገጠሩ በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንደሚሞቅ፣ ቀኑ ግን በጥቂቱ እንደሚቀዘቅዝ መዝግቧል። ስለዚህ ጸሐፊው ስለ ጥላ ያሉት መሠረት አለው። ጥልቅ በሆነ መንገድ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ መሄድ ከሜዳ ሊሻል ይችላል፤ ይህን የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ጥላ ትልቅ ጸጋ ነው።

ችግሩ ያለው ሌሊት ላይ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው በቆየ ግንብ አጠገብ እለፉ። ሳትነኩት ወላፈኑ ጉንጫችሁን ያገኘዋል። ሜዳ ላይ ያለ አፈር ሲመሽ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይሰጣል፤ ሰማዩ ሁሉ ክፍት ነውና። በጠባብና ጥልቅ መንገድ ውስጥ ያለ ግንብ ግን የሚያየው ሌላ ግንብ ነው። አንዱ ለሌላው ሙቀት ሲቀባበሉ ያድራሉ። ያን ሙቀት ጠርጎ ሊያወጣ የሚችለው ነፋስ ነበር፤ የሌሊቱ የየብስ ነፋስ ደግሞ ከቀኑ የባሕር ነፋስ የደከመ ስለሆነ ትንሽ መሰናክል ይበቃዋል። ቀን ላይ ጥላ የሰጠው ሕንፃ ሌሊት ላይ ሒሳቡን ከወለድ ጋር ይጠይቃል።

አማካይ ደግሞ ይደብቃል። ነፋስና ደመና ባለበት ሌሊት በከተማና በገጠር መካከል ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት ግን ልዩነቱ በትላልቅ ከተሞች ከ10 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሲንጋፖር ከየትኛውም ጥግዋ ባሕር የማይርቅባት ደሴት ናት፤ ሆኖም ሌሊት በተጠቀጠቀው መሐሏና በዛፍ በተሸፈነው ዳርቻዋ መካከል እስከ 7 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ተለክቶባታል። የበዛውንና ያነሰውን አንድ ላይ ከትቶ በአማካይ 2 ዲግሪ ነው ማለት፣ ጥልቀቱ በአማካይ እስከ ጉልበት ነው ተብሎ ወንዝ እንደ መግባት ነው።

ሌላው የተረሳው ቴርሞሜትር ላብ የሌለው መሆኑ ነው። የሰው አካል ሙቀቱን የሚያወርደው ላቡ ሲተን ነው፤ ላቡን የሚያተነው ደግሞ ነፋስ ነው። በሆንግ ኮንግ በተደረገ ጥናት የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ ከ1 ሜትር ወደ 0.3 ሜትር ሲወርድ፣ ውጭ ያለ ሰው የሚሰማው ሙቀት ወደ 2 ዲግሪ የሚጠጋ ጭማሪ ያህል እንደሆነ ተገኝቷል። ቴርሞሜትሩ ምንም አላለም፤ ሰውየው ግን 2 ዲግሪ ሞቆታል። በእርጥብ የባሕር ዳርቻ አየር ውስጥ ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ነፋስ ሁልጊዜ እንደማያቀዘቅዝም አውቃለሁ። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የውሃው ገጽ ራሱ በበጋ ከ32 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ከዚያ የሚነሣው ነፋስ ይዞ የሚመጣው ወበቅ ነው። አየሩ ከሰው ቆዳ በላይ ሲሞቅ ነፋስ እንደ ምድጃ እፍታ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። ጸሐፊው የጻፉት ግን ስለ ባሕር ዳርቻ ከተሞች በጠቅላላው ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ የባሕሩ ነፋስ እፎይታ የሆነላቸው ናቸው።

የአንድ ዲግሪ ወይም የሁለት ዲግሪን ነገር ቀለል አድርጎ ማየት የሚከብደኝ ለምን እንደሆነ ልናገር። በሐምሌ ወር 1995 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ በተቆረቆረችው ቺካጎ በጥቂት ቀናት ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሐይቁ እዚያው አጠገባቸው ነበር። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ፤ የገደላቸውም የቀኑ ንዳድ ብቻ ሳይሆን ሌሊቱ አለመቀዝቀዙ ነው። ቀን የተጎዳ አካል የሚያገግመው ሌሊት ነው፤ ያን የማገገሚያ ሰዓት የሚወስድ ነገር ሁሉ፣ በዲግሪ ሲቆጠር ትንሽ ቢመስልም፣ ከሕይወት ላይ የሚወሰድ ነው።

አሁን አምስተኛው። ጥቅጥቅ ያለ ከተማ መሬት ይቆጥባል፣ የመኪና ጉዞ ይቀንሳል፣ ለአውቶቡስና ለባቡር ያመቻል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ከተማ እንዳይጠቀጠቅ የሚከራከር ምላሽ እየጻፍኩ አይደለም። ጸሐፊው ግን ምርጫውን ሁለት ብቻ አደረጉት፦ ወይ የተጠቀጠቀና የታፈነ ከተማ፣ ወይ የተበተነና ነፋሻ ከተማ። ሦስተኛው የት ሄደ?

ሆንግ ኮንግ ከዓለም እጅግ ከተጠቀጠቁ ከተሞች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካላት በሽታ ወረርሽኝ ካስደነገጣት በኋላ ስለ ሰፈሮቿ የአየር ዝውውር ጥናት አስጀመረች፤ ከ2006 ጀምሮ ትላልቅ የመንግሥት ፕሮጀክቶች ከመጽደቃቸው በፊት በእግረኛ ከፍታ ላይ ያለውን ነፋስ ምን እንደሚያደርጉት እንዲገመገም ደነገገች። በ2011 በወጣው መመሪያም ፊታቸው 60 ሜትርና ከዚያ በላይ ለሚዘረጋ ሕንፃዎች ከፊታቸው ከ20 እስከ 33 በመቶ የሚሆነው ለነፋስ ክፍት እንዲሆን ተጠየቀ። ታዲያ ሆንግ ኮንግ ወደ ጎን ተበተነች? አልተበተነችም፤ ዛሬም ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የምትገነባ ጥቅጥቅ ያለች ከተማ ናት። በሲንጋፖርም አብዛኛው ሕዝብ በሚኖርባቸው የመንግሥት ሕንፃዎች የምድሩን ወለል ክፍት መተው የቆየ ልማድ ነው። ነፋሱ በምሰሶዎቹ መካከል ያልፋል፤ ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል፤ ሠርግና ለቅሶ ይካሄድበታል። ለነፋስ የተተወ ቦታ ባዶ ቦታ አይደለም።

የአየር ማቀዝቀዣውን በተመለከተ፣ መሣሪያውን አልነቅፍም፤ ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ስሙ እንደሚያስመስለው ሙቀትን የሚያጠፋ አይደለም፤ ከክፍሉ አውጥቶ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ከክፍሉ ሦስት እጅ ሙቀት ለማውጣት አንድ እጅ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢወስድ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው አራት እጅ ነው። ነፋስ በሌለበት ጠባብ መንገድ ይህ አራት እጅ የትም አይሄድም፤ የጎረቤት መስኮት ሥር ይጠራቀማል። ጎረቤቱ አቅም ካለው እሱም መሣሪያ ይገዛል፤ የእሱ ሙቀት ደግሞ ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። ሰንሰለቱ የሚቆመው መግዛት በማይችለው ሰው ደጃፍ ነው። ከፊተኛው ረድፍ ያለው ቤት የባሕሩ ነፋስ ዋጋው ላይ ተጨምሮ ይሸጣል፤ ከኋላው ያለው ያንኑ ነፋስ በማጣቱ በየወሩ የመብራት ሒሳብ ይከፍላል። ጸሐፊው ስለ ግንባታ ወጪ ሲያሰሉ ይህኛውን ወጪ የማን መዝገብ ላይ እንደጻፉት አልገባኝም።

ጠረጴዛዬ ላይ በመጻሕፍቱ የታየውን በእውነተኛ ከተማ ማየት ለሚፈልግ የቶኪዮ ባቡር ጣቢያ አለ። በጣቢያው በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው በሚያየው ያኤሱ በተባለው በኩል፣ ቀድሞ አንድ ሰፊ ሕንፃ መሐሉን ዘግቶ ቆሞ ነበር። አካባቢው እንደገና ሲገነባ ያ ሕንፃ ፈረሰ። ቁመታቸው 200 ሜትር ያህል የሆኑ ሁለት ሕንፃዎች በግራና በቀኝ ቆሙ፤ በመካከላቸው 230 ሜትር ያህል የሚረዝም ዝቅ ያለ ጣራ ተዘርግቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጠናቀቀ። ቢሮው፣ መደብሩ፣ የሚከራየው ወለል አልቀረም፤ ወደ ጎንና ወደ ላይ ተነሣ። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው ነፋስ በሁለቱ መካከል ከዝቅተኛው ጣራ በላይ ያልፍና በጣቢያው ማዶ ባለው ሰፊ ጎዳና ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ያመራል።